ኢንተርኔቱ በማን ኪስ ነው?

ስሙኝማ… ድሮ ጎረቤት ለጎረቤት የሚላላከው ስኳር፣ ጨው፣ ክብሪት ነበር። “እትዬ፣ እማዬ አንድ ስኒ ስኳር አውሱኝ ብላለች” የሚል ሕፃን ባዶ ስኒ ይዞ በር ላይ ይቆማል። አሁን ስኒው ቀርቷል። ሕፃኑ የሚመጣው ታብሌት ታቅፎ ነው። “ሆትስፖት ክፈቱልኝ!” ቢሮ ሂዱ፣ ካፌ ግቡ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ… ይኸው ልመና አለ። ቀረብ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ትንሽ ሆትስፖት ትለቅልኛለህ?” ይላል። ትንሽ! ልክ እንደ ጨው በቁንጥር የሚሰጥ ይመስል።

እናላችሁ፣ የዛሬ ጨዋታችን ይቺው ሆትስፖት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቤት ታብሌት ይገባል። በቁጠባ ተገዝቶ ይሆናል፣ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ መጥቶ ይሆናል፣ መሥሪያ ቤት ሰጥቶ ይሆናል። ገባ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቤቱ ዋይፋይ ያለው ሰው እዚህ ላይ ገጹን ገልብጦ ሌላ ነገር ማንበብ ይችላል (መብራት እስኪጠፋ ድረስ፤ ሲጠፋ ተመልሶ ከእኛው ጋር ይሰለፋል)። ለቀረነው መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ታብሌቱ ከስልካችን ላይ ይቀዳል፣ ማለት ሆትስፖት እንከፍትለታለን። ወይ የራሱ ሲም ካርድ ገብቶለት የራሱ የዳታ ጥቅል ይገዛለታል።

“የቱ ይሻላል?” ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። እኔ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል መልሱ አንድ ነበር። “ሆትስፖት እያለ! ምን አቃጥሎህ ነው ሁለት ቦታ የምትከፍለው?” መልሱ ከአፍ የሚወጣበት ፍጥነት ራሱ ይገርማል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዲህ ብሎ የሚመልሰው ሁልጊዜም ስልኩን የያዘው ሰው ነው። ታብሌቱን የያዘውን የጠየቀው የለም።

በዚህ ላይ ነው ጠቤ።

በመጀመሪያ ግን ለባለስልኩ የሚገባውን እንስጠው። ሒሳቡን ካየን እውነት አለው። የዳታ ጥቅል እንደ ጤፍ ነው፤ በኪሎ የሚገዛ ሰውና በኩንታል የሚገዛ ሰው አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ጥቅሉ በተለቀ ቁጥር የአንዱ ጊጋባይት ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለስልክ ትንሽ፣ ለታብሌት ትንሽ ብሎ ሁለት ጥቅል ከመግዛት አንድ ትልቅ ገዝቶ ለሁለቱ ማካፈሉ በብር ይረክሳል። ደግሞ ሲም የሚቀበለው ታብሌት ከማይቀበለው ይወደዳል፤ ይኼ ልዩነት ብቻውን የብዙ ወር ጥቅል ሊገዛ ይችላል። ይኼን ሁሉ አልክድም።

ሌላም አለ፤ ብዙው ታብሌት ሲም አይቀበልም። አንድ ወዳጄ ከቨርጂኒያ እህቱ ታብሌት ላከችለት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲም ማስገቢያውን ፍለጋ ገባ። አገላበጡት፣ በባትሪ መብራት አዩት። ትንሹ ልጅ በመጨረሻ አንዲት ቀዳዳ አገኘና መርፌ አምጥቶ መጎርጎር! ያቺ ቀዳዳ የማይክሮፎን ነበረች። ታብሌቱ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ሲም የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። እህትየው ምን ታድርግ፣ እሷ ባለችበት ሀገር ቤቱም ካፌውም ዋይፋይ አለው። ስለዚህ ዘመድ “ምን ላምጣልህ?” ሲላችሁ “ታብሌት” ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። “ሲም የሚቀበል፣ ለአንድ ኩባንያ ያልተቆለፈ” ማለት ያስፈልጋል። ከዚያም አልፎ አንዳንዶቹ አዳዲሶች፣ ለምሳሌ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፓድ ፕሮ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ የሚባለውን ጭራሽ ትተውታል፤ የሚቀበሉት ኢ-ሲም የሚባለውን፣ ካርድ የሌለውን ሲም ነው። ሰው ሻንጣ ከመዝጋቱ በፊት ቢጠየቅ ጥሩ ነው። መርፌ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጠቤ ልመለስ።

ስልክ እግር አለው። ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፣ ማታ ከባለቤቱ ጋር ይገባል። ታብሌቱ ቤት ይቀመጣል። በሆትስፖት የሚኖር ቤት ኢንተርኔት ያለው ባለስልኩ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። የማውቀው አንድ ቤት አለ፤ አባት መርካቶ ነው የሚውሉት፣ ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ታብሌቱ የተገዛው “ለትምህርቷ” ተብሎ ነው። እውነትም ለትምህርቷ ያስፈልጋታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያየነው ነው፤ ብዙ የከተማ ትምህርት ቤት መልመጃውን በቴሌግራም ይልክ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ ደግሞ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ስንቱ ተማሪ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ነው ያነበበው። በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ራሱ በኦንላይን ተሰጠ። ታብሌት ቅንጦት የነበረበት ጊዜ አልፏል ለማለት ነው።

አባት ማታ ሁለት ሰዓት ይገባሉ። ባትሪያቸው 15 በመቶ። “አባዬ፣ ሆትስፖት…” “ቆይ ቻርጅ ይድረስልኝ።” ሆትስፖት ባትሪ ይበላል፤ ስልኩ በአንድ በኩል ከአንቴና ጋር በሌላ በኩል ከታብሌቱ ጋር ሲያወራ የሚያርፍበት ጊዜ የለውም። እሺ፣ ቻርጅ ደረሰ፣ ተከፈተ። ልጅቱ የሒሳብ ማብራሪያ ቪዲዮ ጀመረች። ስልኩ ጮኸ! የአባት የንግድ ሸሪክ ነው። ቪዲዮው ቀጥ አለ። ይኼም ምክንያት አለው። ስልኩ በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ከሆነ፣ ጥሪ ሲገባ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። 3ጂ ላይ ኢንተርኔቱ ያነክሳል፣ 2ጂ ላይ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ሸሪክየው ደግሞ አጭር ሰው አይደለም። ስለ ዶላር፣ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ሰውዬው ቼክ… ሃያ አምስት ደቂቃ። ይባስ ብሎ አባት ሲያወሩ ይንጎራደዳሉ፤ ግቢ ይወጣሉ።

“አባዬ አትውጣ! ሲግናሉ ይጠፋል!”

አባት በገዛ ቤታቸው ታሰሩ። ልጅቱ ደግሞ በአባቷ ወሬ ታሰረች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አባት ያንቀላፋሉ፤ ስልኩም ታብሌቱ ለትንሽ ጊዜ ሲለየው ሆትስፖቱን ራሱ ይዘጋዋል፤ ብዙ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ እንዲህ ያደርጋል። የተኛን አባት ለዳታ ብላ የምትቀሰቅስ ልጅ ደግሞ… እንግዲህ የእናንተን ቤት እናንተ ታውቃላችሁ።

“እኮ በብር ይረክሳል” ነው የተባለው? ያቺ ልጅ የከፈለችው በብር ስላልሆነ ነው የረከሰው።

የምር ግን፣ ይኼ ነገር አዲስ አይደለም። ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ ታስታውሳላችሁ፤ በመንደሩ ስልክ ያለው አንድ ቤት ነበር። መንደሩ በሙሉ ቁጥሩን ለዘመዱ ይሰጣል። “ስልክ መጥቶልሃል!” የሚል ልጅ እየሮጠ ይመጣል፤ ነጠላ ያለው ነጠላውን፣ ጫማ ያለው ጫማውን ሳያደርግ ይሮጣል። ያ መቀበል ነው፤ መደወል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስልኩ በእንጨት ሣጥን ይቆለፋል፣ ወይም የሚሽከረከረው ቁጥር ላይ ትንሽዬ ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። ቁልፉ የት ነው? የቤቱ ጌታ ኪስ ወይም የእመቤቲቱ መቀነት ላይ። በዚያ ዘመን ስልክ ሊደውል የፈለገ የቤት ልጅ ማን ጋ፣ ለምን፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚደውል ተናግሮ ነው። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ሀገራችን ገባ፤ ሲም ለማግኘት ያ ሁሉ ወረፋና ያ ሁሉ ገንዘብ አለፈና ሣጥኑ ተረሳ። አልተረሳም! የሆትስፖት ፓስወርድ ሆኖ ተመለሰ።

ተከራይ የነበራችሁ ደግሞ በሌላ በኩል ታውቁታላችሁ። ቆጣሪው አንድ ነው፣ የአከራይ ነው። “ካውያ አይቻልም።” “ምጣድ አይቻልም።” “ትናንት እስከ ስንት ሰዓት ነው መብራት ያበራችሁት?” ሒሳቡ ሲመጣ የሚካፈለው በሰው ይሁን በአምፖል፣ የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው። ተከራይ በሕይወቱ የሚመኘው አንድ ነገር ቢኖር “የራሴ ቆጣሪ” ነው። መብራት ስለሚረክስለት ግን አይደለም፤ ሊወደድበትም ይችላል። ካውያውን ሲሰካ ልቡ እንዳይመታ ነው።

ሆትስፖት ላይ ያለው ጭቅጭቅ ከዚህ በምን ይለያል? “ቅድም 3 ጂቢ ነበረኝ! ማነው የጨረሰው?” ሁሉም ወደ ታብሌቷ ባለቤት ይዞራል። ልጅቱ ትምላለች። “አባዬ ሙት፣ አንድ ቪዲዮ ነው ያየሁት!” አይታመንም።

እዚህ ላይ ልጆችን ወክዬ ልከራከር። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ታብሌት ከስልክ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ አንዳንድ ጊዜ የሚያውቀው “ዋይፋይ አገኘሁ” ብቻ ነው። ዋይፋይ ደግሞ ለእሱ የማያልቅ ነው፤ የተሠራው እንዲህ እንዲያስብ ነው። ስለዚህ ማንም ሳያዝዘው አፕሊኬሽኖቹን ያድሳል፣ ፎቶዎቹን ወደ መጠባበቂያ ይልካል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈውን ቪዲዮ ራሱ ያወርዳል። ዩቲዩብም ስክሪኑ ሰፊ ነው ብሎ የተሻለ ጥራት ይሰጠዋል። በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ አንድ ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል፤ ከፍ ባለ ጥራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ። ልጅቱ አንድ ቪዲዮ አየች፤ ማሽኑ ከጀርባዋ የሦስት ሰው በላ። ሌባው ሶፍትዌሩ ሆኖ ሳለ የምትመረመረው እሷ ናት።

መድኃኒቱ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አንድሮይድ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ነካ አድርጋችሁ “ሚተርድ” የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ “ይኼ የሚቆጠር ነው፣ ቀስ በል” እንደ ማለት ነው። አይፓድ ላይ “ሎው ዳታ ሞድ” ይባላል። ስንት ቤት ነው ይኼን ሳያደርግ በየማታው ችሎት የሚሰየመው!

ታዲያ በሌላው ወገን ያሉትንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። “ታብሌቴ የራሱ መስመር አለው” እያሉ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጉ አሉ። ከዚህ በፊት ሁለት ስልክ ደርድረው የሚቀመጡት ናቸው፤ አሁን ሦስተኛ ጨመሩ። ታብሌቱ የሚከፈተው ስብሰባ ላይ ነው፤ ያኔም ለፎቶ። ወርኃዊ ጥቅሉ ተገዝቶ፣ ሳይነካ፣ ወሩ አልቆ ይቃጠላል።

መቃጠል ስል… ይቺን ልናገር። ባለፈው ከአንድ ድርጅት የገዛሁት ወርኃዊ ጥቅል ውስጥ ስንት ጊጋ ተርፎኝ በሠላሳኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ “የአገልግሎት ጊዜው አብቅቷል” የሚል መልእክት መጣልኝ። እኔ የምለው፣ ጤፍ ነጋዴው “ገዝተህ የወሰድከው ጤፍ ሠላሳ ቀን ስለሞላው ከማድጋህ ወስጄዋለሁ” ቢለን ምን እናደርገው ነበር? ዳታው የሚበሰብስ ነገር ቢሆን እሺ! ደንቡ ላይ ተጽፏል ይሉኛል። አዎ ተጽፏል። የተጻፈ ሁሉ ፍትሕ ነው ያለው ማነው?

ይኼ መቃጠል ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ማድጋ ያለው ሰው ከሁለቱም ይተርፈውና ሁለቱም ይቃጠልበታል፤ አንድ ማድጋ ያለው ግን አሟጦ ይበላል። ለሆትስፖት የሚቀርበው ጠንካራው ክርክር ለእኔ ይኼ ነው እንጂ “ሁለት ቦታ ለምን ትከፍላለህ” የሚለው አይደለም።

ግን እኛ ጋ አንድ መልካም ነገር አለ፤ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ቀድሞ በሚሞላ ሒሳብ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለታብሌት መስመር ሲያወጡ ብዙውን ጊዜ ወር በወር የሚመጣ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ፤ ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም ይከፍላሉ። እኛ ጋ የታብሌቱ ሲም ጦም ማደር ይችላል። በፈተና ሳምንት ሳምንታዊ ጥቅል ይሞላለታል፣ ክረምት ሲመጣ ያርፋል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቆይቶ መስመሩ እንዳይዘጋ ብቻ አልፎ አልፎ ማንቃት ነው። በ*999# ገብቶ ዕለታዊና ሳምንታዊውን ማየት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮም ሥራ ስለጀመረ የስልኩን ሲም ከአንዱ፣ የታብሌቱን ከሌላው ማድረግ ተችሏል። አንዱ ሰፈራችሁ ላይ ደካማ ከሆነ ሌላው ይይዛል፤ ያኔ ስልኩም ከታብሌቱ መበደር ይችላል። ይኼን ጥቅም ሆትስፖት አይሰጥም፤ ስልኩ ላይ ኔትወርክ ከሌለ ታብሌቱም የለውምና።

አሜሪካን ካነሳን አይቀር… እዚያማ ከራስ ስልክ መቅዳት ራሱ ያስከፍል ነበር። የገዛኸውን ዳታ ለታብሌትህ ስታካፍል “ለማካፈልህ ደግሞ ክፈል” ይሉሃል። ቬራይዞን የተባለው ኩባንያ ይኼን ክፍያ የሚያስቀሩ አፕሊኬሽኖች ከገበያው እንዲታገዱ ጠይቋል በሚል ተመርምሮ በ2012 እ.ኤ.አ. 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ካዝና ከፍሎ ነው ጉዳዩ የተዘጋው። የገዛሁትን ውኃ በየትኛው ብርጭቆ እንደምጠጣ ምን አገባህ፣ ነው ነገሩ። አሁን የእኛን ቤት እዩ። ባለስልኩ ከባለታብሌቷ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን “ምን ልታዪበት ነው? ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ስንት ደቂቃ?” ይላል። ይኼም ክፍያ ነው።

“እሱማ ቁጥጥር ነው! ልጅ ዝም ብሎ ይለቀቃል እንዴ?” የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ክርክራቸውን አልንቀውም። የአሥር ዓመት ልጅ ታብሌት የራሱ ሲም አያስፈልገውም፤ እናቱ ስትከፍትለት ያያል፣ ስትዘጋ ይተኛል፤ በዚያ ዕድሜ ሆትስፖት ጥሩ ሞግዚት ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን ሌላ ናት። ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ እንዳታድር ከሆነ ስጋቱ፣ ስለ እሱ ቁጭ ብሎ መነጋገር እንጂ የሒሳቡንም የፊዚክሱንም ቧንቧ አብሮ መዝጋት ምን ይሉታል? ደግሞ ቲክቶክን ካነሳን… በየሶፋው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እየገፉ አጫጭር ቪዲዮ የሚያዩት እነማን ናቸው? በዚያች ሰዓት የሄደው ዳታ የልጅቱን የዓመት መማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ አውርዶ ሊተርፈው ይችላል። ባለስልኩ ግን የእሱን ፍጆታ አይቆጥርም። ቆጣሪው የእሱ ነዋ!

እናቶችንም አንርሳ። ቤት ሆና በቴሌግራም ልብስ የምትሸጥ ሴት አውቃለሁ። ስልኳ አሮጌ ነው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፤ ፎቶውን የምታነሳውም፣ ዋጋውን የምትለጥፈውም፣ ትእዛዝ የምትቀበለውም በታብሌት ነው። ኢንተርኔቱ ከባሏ ስልክ ነው። ባል ሥራ ሲውል ደንበኛ “ይኼ ቀሚስ አለ?” ብላ ጽፋ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች። ማታ ሆትስፖት ሲከፈት መልእክቱ በአንድ ጊዜ ይዘንባል፤ ግማሹ “በቃ ተውው፣ አገኘሁ” የሚል ነው። ባል ለምን የራሷ ሲም እንደማይገባላት ሲጠየቅ “ስንት ታተርፍና ነው!” አለ አሉ። አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ታትርፍ?

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህችው ናት። ባለስልኩ ከቤት ሲወጣ ሥራው ወይም ትምህርቱ የሚቆምበት ሰው ካለ፣ የዚያ ሰው ታብሌት የራሱ ሲም ይግባለት፤ ጥቅሉ ትንሽ ይሁን፣ ሳምንታዊ ይሁን፣ ግን የራሱ ይሁን። ታብሌቱ ሲም የማይቀበል ከሆነ ርካሽ ስልክም ሆነ ሲም የምትበላ ትንሽ የዋይፋይ ማሽን ተገዝታ ቤት ትቀመጥለት። ለጋዜጣ፣ ለፊልም፣ ለእሑድ ከሰዓት ከሆነ ሆትስፖት ይበቃል፤ ሁለተኛ ጥቅል ማቃጠል ነው። ወጪ የሚበዛበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሽንኩርት ስንት እንደገባ ለእናንተ አልነግርም። ግን ቤቱ ውስጥ ካለው ዳታ ላይ የሚቀነሰው ከማን ነው? ሁልጊዜ ከታብሌቱ ባለቤት ነው ከተባለ፣ ያ ቁጠባ አይባልም።

መርካቶ የሚውሉት አባት በነገራችን ላይ ሲም ገዙላት፤ በስማቸው አውጥተው ሰጧት። መጀመሪያ ሳምንት ላይ በየማታው “ስንት ቀረሽ?” ይሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተዉት። ስልኩን ይዘው ግቢ ወጥተው እንደ ልባቸው እየተንጎራደዱ ያወራሉ፤ ማንም “አትውጣ” አይላቸውም።

ከቤት ይልቅ የባሰው ግን መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ለሽያጭ ሠራተኞቹ ታብሌት አከፋፈለ። በሥነ ሥርዓት፣ በፎቶ፣ በጭብጨባ! ትእዛዙ በታብሌት ይገባል፣ ሪፖርቱ በታብሌት ይላካል፣ የደንበኛው አድራሻ ካርታው ላይ ይፈለጋል። ታብሌቱ ሲም ይቀበላል፤ ማስገቢያውም አለ። ሲሙ ግን አልተሰጠም። “ከስልካችሁ ሆትስፖት አድርጋችሁ ተጠቀሙ” ተባለ። አንድ ወጣት የማውቀው ሠራተኛ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ቀኑን ሙሉ ሆትስፖት ክፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ይሞታል፣ ታብሌቱም አብሮ ይሞታል፣ አለቃው “ለምን ስልክህ ተዘጋ?” ይለዋል። ጥቅሉን የሚገዛው ከደመወዙ ነው። ከደመወዙ ላይ የድርጅቱን ሥራ ይደጉማል ማለት እኮ ነው!

“ጻፍና ጠይቅ” አልኩት። “በቃል አይደለም፤ በደብዳቤ። በየወሩ ስንት ጊጋ ለሥራ እንደሄደ ስልክህ ራሱ ይቆጥርልሃል፤ ሆትስፖት የወሰደውን ለብቻው አውጥተህ ከደብዳቤው ጋር አያይዘው።”

ጻፈ። ቁጥሩን አያያዘ። የሰው ኃይል ክፍል ተቀበለው፣ ማኅተም መታበት፣ “ይታያል” አሉት።

ይኸው አራተኛ ወሩ ነው። እየታየ ነው።